ዘርፈሽዋልና የሜዳው ነጭ ሽንኩርት

ዘርፈሽዋልን «ፍየሏ» የሚላት ሰው ሮም ውስጥ ሞልቷል። እኔ ባለሁበት ግን ማንም አይላትም፤ አንድ ጊዜ የሞከረ ሰው አለ፣ አልደገመውም። ሰሞኑን ደግሞ «ስለት በበረኪና የደፋች ሴት» የሚል ስም ተጨምሮላታል። እሱስ እውነት ነው፣ ደፍታለች። ወሬው ግን ግማሽ ግማሹ እየተቆረጠ ስለሚዞር እኔ ከሥሩ ልናገር። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ። የሚከፋው ካለ ይክፋው።

የተዋወቅነው ሮም፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር፣ አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተን በነበረ ጊዜ ነው። ሁላችንም ሰው ቤት እያደርን የምንሠራ ነበርን፤ ክፍሏ የሐሙስ ከሰዓትና የእሑድ ቤታችን ነበረች። ከአራታችን አንዷ ዓለም ናት፤ አስመራ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ ሆደ ቡቡ፣ ለሰው ካልደከመች እንቅልፍ የማይወስዳት። ዘርፈሽዋል ሌላ ፍጥረት ነች። ኤስኲሊኖ ገበያ ቲማቲም ሻጩ ሚዛኑ ላይ አውራ ጣቱን ጫን ሲያደርግ አየችና፣ ሰው በተሰበሰበበት ጣቱን ይዛ ወደ ላይ አነሳችለት። የጣልያንኛ ስድብ ገና አልተማረችም ነበርና በወሎ አማርኛ ሰደበችው። ሰውየው ግን በደንብ ገብቶታል።

እንዲህ ናት። ያየችውን አየሁ ትላለች፤ ያላየችውን ብትገርፏትም አትልም። ያደገችው ወሎ ነው፤ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ቅጠል ያዳነውንም ቅጠል የገደለውንም ሰው አይታለች። ታናሽ ወንድሟ ከሁለተኞቹ ነው። አንድ ጊዜ ነገረችኝ፣ ከዚያ በኋላ አላነሳችውም፣ እኔም አልጠየቅኳትም።

ሽንኩርቱን ያገኘችው በአፍንጫዋ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሲኞራ ኢኔስ የሚባሉ አሮጊት ታስታምም ነበር። በየጠዋቱ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ፓርኮ፣ መናፈሻው ማለት ነው፣ ትወስዳቸዋለች። የካቲት ነው፣ ሁዳዴ ገብቷል፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች ሣር ያጭዳሉ። ማሽኑ ባለፈ ቁጥር አየሩ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። መጀመሪያ የሆነ ቤት ቁሌት እያቁላላ ነው ብላ ዞር ዞር አለች። ዛፍና ውሻ እንጂ ቤት የለም። ከዚያ ጎንበስ ብላ የታጨደውን አፈስ አደረገች፣ ሽታው ከእሱ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለችው ማሽኑን የሚገፋውን ሰውዬ።

«አሊዮ ሴልቫቲኮ ነው ሲኞራ፣ የዱር ነጭ ሽንኩርት።»

«ይበላል?»

«አያቴ ትበላው ነበር። እኔ የምበላውን ከሱፐርማርኬት ነው የምገዛው» ብሎ ሳቀና ሥራውን ቀጠለ።

ሌላ ሰው ቢሆን የዚያኑ ዕለት እፍኝ ሙሉ ይዞ ቤቱ ይገባ ነበር። ዘርፈሽዋል አንዲት ቅጠል አልያዘችም። «ሣር የሚያጭድ ሁሉ ሣር ያውቃል ያለው ማነው?» አለችኝ የዚያን ሐሙስ። ይልቅስ ከአፒያ መንገድ ባሻገር ያለውን ሜዳ አስታወሰች። እዚያ የሮም አሮጊቶች ቢላና ፌስታል ይዘው ቺኮሪያ ይለቅማሉ፤ ቺኮሪያ የእነሱ የሜዳ ጎመን ነው። ከእነሱ አንዷን፣ ቀይ ቦት ያደረገች ቁጡ ሴት መርጣ ተጠጋች። ሴትየዋ መጀመሪያ አባረረቻት፤ የለቀማ ቦታዋን ልትሻማት የመጣች መስሏት። ዘርፈሽዋል አልሄደችም። ቁጡና ቁጡ ሲገናኙ ወይ ይጣላሉ ወይ ይፋቀራሉ፤ እነሱ ተፋቀሩ።

ሴትየዋ ያስተማረቻትን ዘርፈሽዋል እኔንም አስተምራኛለች። የአበባውን አገዳ በአውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ መሀል አንከባልዪው፤ ክብ ከሆነ ይሾልካል፣ የእኛው ግን ሦስት ጠርዝ ስላለው ይነክስሻል። አበባው ነጭ ነው፣ እንደ ደወል ወደ ታች ይደፋል፣ መሀል ለመሀል ቀጭን አረንጓዴ መስመር አለው። ያላበበውን አትንኪ። አንድ አንድ እያልሽ ልቀሚ። ሽታ የመጨረሻው ምስክር ነው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም፤ አንዴ ከለቀምሽ በኋላ እጅሽ ራሱ ሽንኩርት ስለሆነ፣ ድንጋይ አንስተሽ ብታሸቺም ሽንኩርት ነው የሚሸትሽ። እዚያው መሀል ናርቺዞ የሚሉት አበባ ይበቅላል። መሀሉ ቢጫ ነው፣ ያምራል፣ ሰው ለጠረጴዛ ይገዛዋል፤ ሳያብብ ግን ቅጠሉ ከሽንኩርቱ ጋር ተመሳስሎ ይቆማል። የበላው ሰው አንጀቱ እስኪወጣ ያስመልሰዋል፣ ደካማ ከሆነ ደግሞ ሊገድለው ይችላል።

ያን የጸደይ ወራት ሙሉ ዘርፈሽዋል ሜዳው ላይ እየተመላለሰች አየችው እንጂ አልቀመሰችውም። ሲወጣ አየችው፣ ሲያብብ አየችው፣ ሚያዝያ ላይ ደርቆ ሲጠፋም አየችው። «ሰውን ለማመን ዓመት ይፈጅብኛል፣ ቅጠልን በአንድ ቀን ላምን ነው?» ትላለች። በሚቀጥለው ሁዳዴ ነው ድስት የገባው።

ድስት ሲገባ ደግሞ አየነው! ስልጆ የማታውቁ ካላችሁ አዝንላችኋለሁ። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ይበስላል፣ ሲቀዘቅዝ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም ይገባበትና ለጥቂት ቀናት ይቀመጣል፤ ጾመኛ ምላስ የሚያነቃ፣ አፍንጫ የሚከፍት ነገር ነው። ዘርፈሽዋል በነጭ ሽንኩርቱ ፈንታ የሜዳውን ቅጠል ወቅጣ አስገባችበት። ቀለሙ አረንጓዴ ሆነ፣ ጠረኑ ለስለስ አለ፣ ሰናፍጩ እንኳ ጨዋ ሆነ። ሽሮ ላይ ከሆነ ድስቱ ከእሳት ሲወርድ ነው የምትነሰንሰው፤ እሳት ካገኘው ጠረኑ ይሸሻል። ስንግ ቃሪያ ደግሞ ከአበባው ጋር ትሞላዋለች፣ አበባውም ይበላልና። እኔ የመጀመሪያውን ቃሪያ ስገምጥ እንባዬ መጣ፤ የቃሪያው ነው ብዬ ዋሸሁ እንጂ ከደስታ ነበር።

የሲኞራ ኢኔስ ልጅ በአንዱ እሑድ መጥቶ «ቤቱ ምን ሸተተ? የማይታወቅ ሣር እናቴ ኩሽና እንዳይገባ» አላት። ዘርፈሽዋል የእናትዬውን ሳህን አንስታ አሳየችው፤ ተጠርጎ ተበልቷል። «እናትህ ከገና ወዲህ ሳህን ጨርሰው ያውቃሉ?» አለችው። ሰውየው ከዚያ በኋላ ስለ ሽታው አላነሳም።

ጣልያኑ ዝም አለ፣ የእኛው ሰው ግን ዝም አላለም። የእመቤታችን ማኅበር አለን፤ በወር በወሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ባለው አዳራሽ እንሰበሰባለን፣ ሁሉም ያለውን ያመጣል። ሊቀመንበሩ አቶ ደምለው ናቸው፤ ልብስ ንጽሕና ቤት ሲሠሩ የኖሩ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሲያሾፉ ግን ርኅራኄ የማያውቁ። ዘርፈሽዋል ገና ጸሎቱ ሳያልቅ ሳህኗን ከፍታ «ይሄን ቅመሱልኝ» ስትል፣ «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ!» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ ፍየሏ የሚለው ስም ከዚያን ቀን ጀምሮ ተለጠፈባት። «ሮም ድረስ መጥተን ሣር ልንግጥ?» ያለም ነበር። «ውሻ የሸናበትን» ያለችም ነበረች። ዘርፈሽዋል ለእሷ «ውሻ ያልሸናበት ጎመን የሚበቅልበትን አገር አሳዪኝና እዚያ ልሂድ» ብላ መለሰችላት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔን ያናደደኝ ሳቁ አልነበረም። በእኛ ዘንድ ቅጠል ለቅሞ መብላት የችግር ምልክት ነው፤ ያንን ዘመን ያየ ሰው ሊያስታውሰው አይፈልግም። ይሄ ይገባኛል። ግን ከእዚያ አዳራሽ ውስጥ ከዘርፈሽዋል የበለጠ ያየው ማነው? እሷ ሳታፍርበት እኛ ምን ሆነን ነው የምናፍርላት?

በሚቀጥለው ወር ሳህኗን ይዛ መጣች። ማንም አልነካውም፣ ይዛው ተመለሰች። በሚቀጥለውም ሁዳዴ እንዲሁ፣ ከዚያ በሚቀጥለውም። «ተይው በቃ፣ ምን ያዋርድሻል?» ስላት፣ «እንዲበሉልኝ አይደለም የማመጣው» አለች፣ «ፊታቸው እንዳለሁ እንዲያውቁት ነው።»

ነገሩን የለወጡት አባ ዘመንፈስቅዱስ ናቸው። ዓምና በሁዳዴ ቤቷን ጠበል ሊረጩ መጥተው ስልጆውን ቀመሱ፣ ደገሙ፣ ድስቱን ጠየቁ። በማኅበሩ ቀን እጃቸውን መጀመሪያ የሰደዱት ወደ እሷ ሳህን ነበር። አባ ሲበሉ ማን ይቀራል? አቶ ደምለው እንኳ ጎረሱ፤ «ጎመን በጤና» አሉ ፊታቸውን አጨማደው፣ ግን ደገሙ። በዘንድሮው ደብረ ዘይት፣ የሁዳዴው እኩሌታ እሑድ፣ ለማኅበሩ ሁሉ ዘርፈሽዋል ትሥራ ተባለ። ያን ቀን ከአዳራሹ ስትወጣ አረማመዷ ሌላ ነበር። ከሰው የፈለገችው አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው፤ የእሷ ቅጠል፣ በስሟ፣ በሰው ሁሉ ማዕድ ላይ። ይሄን የምለው በኋላ ያጣችው ምን እንደሆነ እንድታውቁት ነው።

እዚህ ላይ ዓለም ትመጣለች። ባለፈው መጸው ጉልበቷን ኦፕራሲዮን አድርጋ ነበር። አልጋ ላይ ሆና፣ «እመብርሃን፣ በእግሬ ካቆምሽኝ፣ በደብረ ዘይት ለማኅበርሽ የሚሆነውን ቅጠል በራሴ እጅ ለቅሜ፣ በራሴ እግር ተሸክሜ አመጣለሁ» ብላ ተስላለች። ለማንም አልነገረችም፤ ለዘርፈሽዋልም ጭምር፣ ላስደስታት ብላ። ሜዳውን ከአንድ ዓመት በፊት ዘርፈሽዋል አሳይታታለች። አሳይታታለች እንጂ አላስለቀመቻትም።

እሑድ ደረሰ። ቅዳሴው ሲያልቅ እኔና ዘርፈሽዋል አዳራሹ ኩሽና ውስጥ ነን። ራሷ የለቀመችው ለስልጆውና ለቃሪያው ብቻ ነው የበቃው፤ ለትልቁ ድስት ተራ ጎመን ነበር ያሰብነው። ቀይ ሽንኩርቱ እየተቁላላ፣ ከአዳራሹ እልልታ ተሰማ። አባ ዘመንፈስቅዱስ ዓለም ስለቷን ይዛ መምጣቷን ተናግረው፣ ባርከው፣ «እመቤታችን ትቀበልሽ» ብለዋታል። ወዲያው ዓለም እያነከሰች፣ ፊቷ እያበራ፣ ያቀፈችው ከረጢት አገጯ ድረስ ደርሶ ገባች።

«ክፈቺው» አለች።

ዘርፈሽዋል ከፈተችው። ቅጠሉ ታጥቦ፣ ጠፍፎ፣ ደቅቆ ተከትፏል። ጠረኑ ኩሽናውን ሞላው። ሰው ጎመን ሳይከትፍ ሲያመጣ ሥራ ማብዛት ነው በእኛ ደንብ፤ ዓለም ቅዳሜን ሙሉ ስትከትፍ ውላለች። ዘርፈሽዋል አቅፋ ሳመቻት። ከዚያ ሁለት እጇን ሙሉ ዘግና ወደ ድስቱ አመጣችና ድስቱ አፍ ላይ ቆመች።

እጇ መሀል፣ ከአረንጓዴው ውስጥ፣ የተቆረጠ እንቡጥ አለ። ውስጡ ቢጫ ነው።

«ዓለም፣ አንድ አንድ እያልሽ ነው የለቀምሽው?»

«ጉልበቴን ታውቂው የለ፣ ዘርፌ። ቁጭ ብዬ እፍኝ እፍኝ በመቀስ ቆረጥኩት። ግን ሁሉንም እፍኝ አሽትቻለሁ፤ ሁሉም ሽንኩርት ነው።»

«በየትኛው እጅሽ?»

ዓለም እጆቿን አየች። ዘርፈሽዋል የራሷን እጅ በሳሙናና በሎሚ ታጠበች፣ ከረጢቱን በማንኪያ አገላበጠች፣ አንድ ጠፍጣፋ ወፍራም ቁራጭ አወጣች። አጠበችው፣ ሰበረችው፣ አሸተተችው። ለእኔም አሽትቺው ብላ ሰጠችኝ፤ እርጥብ ሣር ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

«ናርቺዞ ነው» አለች።

«አሎራ፣ እንግዲያው እሱን አውጥተሽ ጣይዋ!»

«ተከትፏል እኮ ዓለሜ። የቱን ከየቱ ልለይ?»

«ትንሽ ቢኖርበት ነው። ሆድ ቢቆርጥ ነው። ስለት ነው ዘርፌ፣ የማርያም ስለት ነው! አባ ባርከውታል፣ እልል ተብሎልኛል!»

«አውቃለሁ።»

እኔ እውነቱን ልናገር፣ መውጫ መንገድ ነበራት። ምድጃው ተበላሸ ማለት ትችል ነበር። ቅጠሉን ደብቃ ጎመኑን መቀቀል ትችል ነበር፤ ዓለምም በክብሯ፣ እሷም በስሟ ይኖሩ ነበር። ዓይኔን ስታየኝ ይሄንኑ እንዳሰብኩ ገባት መሰለኝ። «ደብቄው ነገ ደግሞ ሌላዋ ሳታውቅ ለቅማ ትክተፍልኝ?» አለችኝ። ከረጢቱን አነሳች፣ በሌላ እጇ ከማጠቢያው ሥር የበረኪናውን ጠርሙስ ያዘች፣ በአዳራሹ መሀል፣ በተቀመጠው ሰው ሁሉ ፊት አለፈች። በር ላይ ካለው የቆሻሻ ጋን ውስጥ ከረጢቱን ዘረገፈችው። በላዩ በረኪናውን አንዠቀዠቀችበት፤ ለስለት የሚሳሳ ደግ ሰው መልሶ እንዳያወጣው ብላ ነው።

መጀመሪያ የጮሁት አቶ ደምለው ናቸው። «ሴትዮ! የእመቤታችንን ስለት!»

«መርዝ አለበት» አለች ዘርፈሽዋል። ድምጿን አልቀነሰችም። «የተቀላቀለው ባለማወቅ ነው። ሜዳውን ያሳየኋት እኔ ነኝ፤ አለቃቀሙን ሳላስተምራት።»

«አባ ባርከውታል እኮ!»

ወደ አባ ዘመንፈስቅዱስ ዞረች፣ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች። «አባ፣ ይፍቱኝ። የእርስዎ በረከት ናርቺዞን ሽንኩርት ያደርገዋል?»

አባ መስቀላቸውን አገላበጡ። ሰው ሁሉ አፋቸውን ያያል። «አያደርገውም፣ ልጄ» አሉ።

በዚህ ያበቃ የመሰለው ካለ ሰውን አያውቅም። «ቆይ፣ መርዝ ከሆነ እስከ ዛሬ ያበላሽን ምንድን ነው?» አለ አንዱ። «አላልንም?» አለች ሌላይቱ፣ ስትጠብቅ የኖረች ይመስል። ባለፈው ወር ሁለቴ የበሉ ሰዎች ሆዳቸውን ይዳስሱ ጀመር። አቶ ደምለው ተነሡ። «ቫ ቤኔ፣ እንግዲህ መልካም። ከዛሬ ጀምሮ የሜዳ ቅጠል እዚህ አዳራሽ አይገባም። የምትስማሙ እጅ አውጡ።» እጅ ወጣ፣ ብዙ እጅ። የእኔ አልወጣም፣ ግን የአንድ ሰው እጅ ምን ይለውጣል? ለዓመታት የታገለችለት ነገር ዓይኔ እያየ፣ ድስቱ ከእሳት ሳይወርድ ሄደ። ማልቀስ አማረኝ፣ ከልቤም ተናደድኩ።

እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች። «አይግባ» አለች። «ቅጠሌን ወደው ከሚሞቱ ጠልተው ይኑሩ።»

ኩሽና ገብታ የስልጆውን ሳህን ይዛ ወጣች። «ይሄ ግን ከውሳኔው በፊት የገባ ነው» ብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፣ ወንበር ስባ ብቻዋን ተቀመጠች፣ መብላት ጀመረች። አጠገቧ የነበሩ ሁለት ሴቶች ሳህናቸውን ይዘው ራቅ አሉ።

ዓለም ኩሽናው በር ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። እያለቀሰች ነው። ካፖርቷን ለብሳ ልትወጣ ነው ብዬ ልከተላት ተነሣሁ። እሷ ግን እግሯን እየጎተተች በሰው መሀል መጣችና ከዘርፈሽዋል ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«አቀብዪኝ» አለች።

«ስልጆውን?»

«ስልጆውን። አኩርፌሻለሁ፣ ዘርፌ። እስከ ፋሲካ አላናግርሽም።»

«አታናግሪኝ» አለች ዘርፈሽዋል፣ ሳህኑን ገፋ አደረገችላት።

ዓለም እንጀራዋን ቆረሰች። ሳታሸት፣ ሳታገላብጥ፣ ጠቅሳ ጎረሰች።